የመበለቲቱ ጥቁር ቦሎቄ

ቤተ ክርስቲያናችንን ያስፈረሰውን ገመድ የገመድነው እኛው ነን። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። እንግሊዙ ኢንጂነር ከአዲሱ ቤተ መንግሥት በር ተነሥቶ እስከ እኛ ሰፈር ድረስ ቀጥ ያለ መንገድ ሊያወጣ ፈለገና፣ ረጅም፣ ዝናብ ቢመታው የማይላላ ገመድ ሥሩልኝ አለ። የኛ ሰዎች ሙያችን ታወቀልን ብለው ጮቤ ረገጡ። ገመድ ሠሪ ሲሠራ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ የሚሄድበትን አያይም፤ እነሱም ወደ ኋላ እየሄዱ ገመዱት። ሲያልቅ ኢንጂነሩ ከችካል ወደ ችካል ወጠረው። ገመዱ መጣ፣ መጣ፣ የገመድ ሠሪዎቹን ማርያም ግድግዳ ነካና ቆመ። ኢንጂነሩም ቆሞ ግድግዳውን ትክ ብሎ አየው። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ እሱን አየሁት።

ስታማቴላ እባላለሁ፤ በግሪክ ባሕር ያለችው የኮርፉ ደሴት ከተማ ልጅ ነኝ። በኔ ዕድሜ ስንት ባንዲራ ወጥቶ ወረደ መሰላችሁ! የቬኒስ ሰዎች ሲገዙን ተወለድኩ። ከምሽጉ ፊት የነበረውን ቤት ሁሉ ለመድፍ ይመች ብለው ጠርገውት ነበር፤ የዛሬው ሜዳ እሱ ነው። ፈረንሳዮች መጡና በሜዳው ዳር እንደ አገራቸው ቅስት በቅስት የሆነ ረጅም ሕንፃ ገተሩ፤ ከሥሩ ሊንሸራሸሩ። መሃል ላይ ሩሲያና ቱርክም ብቅ ብለው ነበር፤ እነሱ እንኳ በልተው ጠጥተው ሄዱ። እንግሊዞች ደግሞ ነጭ ድንጋይ ከማልታ በመርከብ፣ ከነጠራቢው፣ አስመጥተው ዓምድ በዓምድ የሆነ ቤተ መንግሥት አቆሙ። ዓምድ ስላችሁ ሁሉም ይሸከማል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ግድግዳ ላይ ግማሽ ዓምድ ይለጥፋሉ፤ ምን ይሸከማል ብትሉ፣ ምንም! ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ ቤተ መንግሥቱን ይምሰል ተባለ። መስኮት ከመስኮት ትክክል ይሁን፣ ጣሪያ ከጣሪያ አይብለጥ፣ ወደ ሜዳው በሚያየው በኩል ልብስ አይሰጣ። የኛ የውስጥ ልብስ ለካ የእንግሊዝን ዓይን ያማል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ይሄ የናንተው ነው ማለታቸው ነው። ኢንጂነሩ ፊቱ የቀላ፣ ሰላምተኛ ሰው ነበር፤ በጣልያንኛ እየተንተባተበ፣ "ይሄ የጥንት አባቶቻችሁ ጥበብ ነው፤ እኛ መልሰን ያመጣንላችሁ ነን" ይለናል። አንድ ቀን፣ "ጌታዬ፣ የኔ አባቶች ከወለሉ ሥር ናቸው፤ እነሱን ካልነኩብኝ ይበቃኛል" አልኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት።

እኔ ግን እውነቴን ነበር። የገመድ ሠሪዎቹ ማርያም የመንግሥትም የጳጳስም አልነበረችም፤ የማኅበሩ ነበረች። ማኅበሩ አሥራ አንድ ወንበር አለው፤ አንዱ ወንበር አንድ ቤት ማለት ነው። የየቤቱ ሙታን ከወለሉ ሥር ይቀበራሉ። ልጄ ሬጊና እዚያ ነበረች። በሰባት ዓመቷ ንዳድ ወሰዳት፤ ሌላ አልወለድኩም። በኋላ ባሌ አናስታሲስም ከጎኗ ተኛ። ቅዳሴ ስቆም እግሬ ሥር ናት። ሴቶቹ ደጅ ላይ "ልጆች ደህና ናቸው?" እየተባባሉ ሲሳሳሙ፣ እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ወለሉን በጫማዬ ጫፍ ነካ አደርገዋለሁ። ደህና ናት እል ነበር በልቤ። ሞኝነት ነው አትበሉኝ።

እንግሊዞች ደግሞ ብልጦች ናቸው፤ የእግዚአብሔርን ቤት በጉልበት አንወስድም አሉ። ማኅበሩ በራሱ ሥርዓት ወዶ ከሰጠ ብቻ። ሥርዓታችን ታዲያ ይሄ ነው፦ ቤተ ክርስቲያኗን አሳልፎ ለመስጠት ሁሉም መስማማት አለበት። እያንዳንዱ ወንበር ከቤቱ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቦሎቄ ይዞ ይመጣል። ነጩ እሺ ነው፣ ጥቁሩ እምቢ። ሰውየው እጁን ጨርቅ በለበሰ ሣጥን ውስጥ ሰዶ አንዱን ይጥላል፤ የቀረውን ከመቅደሱ ጀርባ ካለው የውሃ ጉድጓድ ይወረውረዋል። ማን ምን እንደጣለ የምታውቀው ማርያም ብቻ ናት። አንዲት ጥቁር ከተገኘች ነገሩ አከተመ፤ ግድግዳው ይቆማል፣ መንገዱ ይዞራል።

ሴት ወንበር የላትም። ወንድ ልጅ የሌላት መበለት ከሆነች አበልጇ ይቀመጥላታል። የኔ አበልጅ ፓንዴሊስ ነው፤ ሬጊናን ክርስትና ያነሣት። እሱ ገመድ ነጋዴ እንጂ ሠሪ ስላልሆነ የራሱ ወንበር የለውም፤ ከማኅበሩ የገባው በኔ ወንበር ነው። ሐሰት አልናገርም፤ ደግ ሰው ነበር። አናስታሲስ የሞተ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ እንጨትና የወይራ ዘይት ያላስቀረብኝ እሱ ነው። የሬጊናን ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ ሲንሰቀሰቅ ያየ፣ አባቷ የትኛው እንደሆነ ግራ ይገባው ነበር። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ገዶኝ!

የማኅበሩ ቀን ሲደርስ ጠዋት ቤቴ መጣ። ቦሎቄውን ከማሰሮዬ ለቅሜ ጠብቄዋለሁ።

"እንካ አበልጅ" አልኩት።

"እንዴ! ወጥ ልትሠሪልኝ ነው?"

"አትቀልድ። ነጩን ትንሽ፣ ጥቁሩን ትልቅ አድርጌ መርጫለሁ። ሣጥኑ ውስጥ በዳበሳ እንዳትሳሳት።"

"ስታማቴላ፣ አሁን ይሄ ይነገረኛል? እኔ የክርስትና ልጄን ላስረግጥ? ከጥምቀቱ ውሃ በነዚህ እጆቼ አይደለም ያወጣኋት?"

"ማልልኝ።"

"በሬጊና ነፍስ።"

ከዚህ በላይ ምን አለ? ጥቁሩን ተቀብሎ ሳም አደረገና ከሰደርያው ኪስ ከተተው። እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ወንዶቹ ገብተው በሩን ዘጉ። እኛ ሴቶቹ ጠባቡ መንገድ ላይ ቆመን ጠበቅን። ተጨንቄ ነበር ብል ውሸቴን ነው፤ እንዲያውም ስንስቅ ነበር። በመጨረሻ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሽማግሌው ዞርዚስ፣ ሣጥኑን አቅፎ ወጣና እንደ ልማዱ በድንጋዩ መደብ ላይ በሁላችን ፊት ዘረገፈው። ነጭ። ነጭ። ነጭ። ዞርዚስ ሣጥኑን ገልብጦ ቂጡን መታ መታ አደረገው። ምንም አልወደቀም። እጁን ከትቶ ጨርቁን ፈተሸ።

"ጥቁሯስ?" አለ ከወንዶቹ አንዱ። "ጥቁሯ የት ሄደች?"

"የምን ጥቁር?" አልኩ። "ጥቁር የጣልክ ብትሆን፣ የኔስ የት ገባ ትል ነበር። ጥቁሯስ የምትለው የሌላ ሰው ጠብቀህ ነው!"

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ጎረቤቱም ደፋ። አሥሩም እየተያዩ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ አንድ በአንድ አቀረቀሩ።

"አባባ ዞርዚስ፣ እርስዎስ?"

"ልጄ…" አለ ሽማግሌው። "ኢንጂነሩ እየዞረ ለየብቻችን አነጋግሮናል። መንገዱ ሲወጣ በዳሩ ቅስት ያላቸው ሱቆች ይሠራሉ፣ እሺ ላለኝ ሰው ቅድሚያ እሰጣለሁ ብሎ። እኔም፣ ነጭ ጣልኩ ልለው ነበር። ካልጣልኩት ደግሞ ውሸት ይሆናል። በእመቤታችን ፊት ውሸታም ከምሆን ብዬ ጣልኩት።"

"ቤተ ክርስቲያኗስ?"

"ያንቺ ጥቁር አለ ብዬ ነዋ! ሁላችንም ያንቺን ጥቁር ተማምነን ነው።"

ወይ ጉድ! ውሸትን ተጸይፈው! እያንዳንዱ ሱቁንም ቤተ ክርስቲያኑንም ሊይዝ፣ እምቢታውን በአንዲት መበለት ላይ ጭኖ፣ ንጹሕ እጁን ይዞ ሊወጣ። ተናድጄ ልሰድባቸው አፌን ስከፍት፣ ለካ ሁሉም ከኔ ኋላ የቆመውን ፓንዴሊስን እያዩ ነበር። እነሱስ ሞኞች ናቸው፤ የኔን ጥቁር አመኑ። የኔ ጥቁር በማን እጅ ነበር?

ዞሬ አየሁት። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"ተሳሳትኩ አበልጄ" አለ። "እጄ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም ለጣቴ አንድ ሆኑብኝ።"

"ትልቁን ከትንሹ?"

"በፈጣሪ! ሣጥኑ ውስጥ ጨለማ ነው…"

ተንበርክኮ የቀሚሴን ጫፍ ያዘ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። አመንኩት። እናንተ ብትሆኑም ታምኑ ነበር። ባላምነውስ ማን አለኝ? ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ፤ የሬጊናን ፊት ከኔ ሌላ የሚያስታውስ እሱ ብቻ ነው። ተነሥ አልኩት።

ከዚያ በኋላማ ሁሉን ነገር እሱ ያዘልኝ። አጽሙ ሁሉ በክብር ወጥቶ ከከተማው ውጭ ወዳለው መካነ መቃብር ይሄዳል፤ ማፍረሱ የሚጀመረው ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ሰኞ ነው፤ የልጃችንንና የአባቷን አጥንት ግን እኔና አንቺ በእጃችን አውጥተን በወይን እናጥበዋለን አለኝ። ከረጢት ሰፋሁ፣ ከነጭ በፍታ፣ ስሟን በቀይ ክር ጠለፍኩበት። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ከረጢቱን አየና፣

"ወይኑስ?" አለ።

"ከመጠጥ ቤቱ እገዛለሁ።"

"የከተማ ወይን ለሬጊና? ውሃ እኮ ነው! እህትሽ መንደር ሂጂና ከቤት ወይናቸው አምጪ። አድረሽም ቢሆን ነገ ትመለሻለሽ፤ ሰኞ ነው የምንጀምረው።"

"እውነትህን ነው" ብዬ ሳምኩት። የሳምኩበት ከንፈር ዛሬም ይቆጨኛል።

በአህያ ሄጄ፣ አድሬ፣ እሑድ ከሰዓት ማሰሮውን አቅፌ ተመለስኩ። ከመንገዱ መግቢያ ላይ ስደርስ ብርሃኑ በዛብኝ። ሁልጊዜ ጥላ የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ታየኝ። ግድግዳ የለም። ደወል የለም። ወለሉ በነበረበት ጉድጓድ ብቻ፣ ንጹሕ፣ አራት ማዕዘን፣ እንግሊዝ ያስቆፈረው መሆኑ ከጠርዙ የሚታወቅ። አንድ ማልታዊ ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ ዳቦ ይበላል።

"አፈሩስ?" አልኩት። "የወለሉ አፈር የት አለ?"

በእጁ ወደ መንገዱ ዳር አመለከተኝ። የአዲሶቹ ቅስቶች መሠረት ተቆፍሮ ነበር፤ ወለሉ ከመንገዱ ከፍ እንዲል በአፈርና በፍርስራሽ ሞልተውታል። በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደር ጀምረዋል።

"አጥንት ነበረበት" አልኩት።

ዳቦውን አስቀምጦ አማተበ። "አይተናል፣ ሴትዮ። ሲኞር ፓንዴሊስን ጠየቅነው። የማኅበሩ ተወካይ ነኝ፣ ሁሉም ተወስዷል፣ የቀረው አሮጌ ነው፣ አፍስሱት አለን። ቶሎ እንድንጨርስለት ነው፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ብዙ ሆነን ሌሊቱንም ስንሠራ አደርን። የማዕዘኑ ሱቅ የሱ ነው።"

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የሰፈሩ ሴቶች ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ አፈሩን በእጇ ስትቧጥጥ አገኘናት ይላሉ። የጣቴ ጥፍር የተነቀለው ያን ቀን መሆን አለበት። ማሰሮውን ግን አልሰበርኩትም። ወይኑ እንዳለ ነበር። ያን ማሰሮ ቤቴ ወስጄ በሰም ደፈንኩት። ስህተት የለም፣ የተንቀጠቀጠ እጅ የለም። ትልቁንም ትንሹንም ለይቶ ያውቅ ነበር፤ እኔንም አሳምሮ ያውቀኝ ነበር፤ ለልጄ ጥሩ ወይን ካለ ቀን ሙሉ እንደምሄድ።

ቅስቶቹ በሚቀጥለው ክረምት አለቁ። ያማሩ ናቸው፤ አማሩ እንጂ ምን ይባላል። ቀጥ ያሉ፣ ነጭ፣ ከቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሆነው ቢያዩአቸው እንደ ወታደር የተሰለፉ። ፓንዴሊስ የሱቁን መክፈቻ ቀን ኢንጂነሩ እንዲቆርጥለት ለመነ። ኢንጂነሩ ደግሞ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ያለችውን ቅዳሜ ቆረጠ። እሱ እንግሊዝ ነው፤ የሙታን ቅዳሜ መሆኗን በምን ያውቃል? ፓንዴሊስ ነው የረሳው። በዚያች ቀን እያንዳንዱ ቤት የሙታኑን ንፍሮ ይዞ ወደ መቃብር እንደሚሄድ የረሳ ክርስቲያን እሱ ብቻ ነው።

እኔ አልረሳሁም። ስንዴውን ቀቅዬ በጨርቅ ላይ አሰጣሁት። ለውዝ፣ ዘቢብ፣ የሮማን ፍሬ ጨመርኩበት፤ በላዩ ስኳር ነሰነስኩ፤ በትሪ አደረግኩት። መሃሉ ላይ፣ መስቀል በሚደረግበት ቦታ፣ ያኔ ለሱ ከለቀምኩበት የቦሎቄ ማሰሮ የወጣ አንድ ትልቅ ጥቁር ቦሎቄ አስቀመጥኩ። አልቀቀልኩትም። ወይኑን በሌላው እጄ ይዤ ሄድኩ።

ሱቁ ሞልቷል። አዲስ ገመድ በየግድግዳው ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ማኅበርተኞቹ በሙሉ አሉ፤ ዞርዚስም አለ። ንፍሮውን ሲያዩ ሁሉም ቆባቸውን አወለቁ። ኢንጂነሩ ብቻ ፈገግ ብሎ፣

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

ፓንዴሊስ ላብ በላብ ሆነ። "የአገር… የአገር ጣፋጭ ነው፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ልቅመሰዋ!" አለና አንድ ማንኪያ ከዳር ዘገነ። "ግሩም ነው! ሮማን አለበት!"

ትሪውን ወደ ፓንዴሊስ ዞር አደረግኩ። "ብላ አበልጅ። የክርስትና ልጅህ ናት።"

"ስታማቴላ፣ እባክሽ" አለ በሹክሹክታ። "ዛሬ ተይኝ። ማታ ቤትሽ እመጣለሁ።"

"ንፍሮ ወደ መቃብር ነው የሚወሰደው። መቃብሯን አሳየኝና እዚያ ልውሰደው። የት ናት?"

ወደ ወለሉ አየ። ሳያስበው ነው ያየው፤ ግን ሁሉም አይተውታል። ሽማግሌው ዞርዚስ አንድ እግሩን አነሣ፤ ወዴት እንደሚያሳርፈው ቸገረውና እንዳንጠለጠለ ቀረ።

"ብላ" አልኩት።

የሙታን ንፍሮ ቀርቦለት እምቢ የሚል የለም፤ ያውም ለክርስትና ልጁ፣ ያውም በማኅበሩ ፊት። ማንኪያውን ወሰደ። ከዳር ሊዘግን ሲል ትሪውን አዞርኩበት። ከመሃል ዘገነ፣ ጎረሰ።

"እንዳትውጠው። አኝከው።"

ጥሬ ቦሎቄ ሲሰበር እንደዚያ ይጮኻል ብዬ አላስብም ነበር። ቋ አለ። ጥርሱ ይሁን ቦሎቄው እንጃ። ነፍስ ይማር ማለት ነበረበት፤ አፉ ሞልቶ አልቻለም። እንባው በጉንጩ ወረደ። ያኔም ተንበርክኮ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ እንባው አያልቅበትም።

ማሰሮውን ከፈትኩና ወይኑን በጥቂቱ በወለሉ ላይ፣ በበሩ ሥር አፈሰስኩ። ኢንጂነሩ እጁን አጨበጨበ።

"አያችሁ!" አለ ለጓደኞቹ። "ልክ እንደ ጥንቶቹ! ሲመርቁ ወይን ያፈሱ ነበር! አሁንም አልረሱትም!"

ማንም አልተረጎመለትም።

"በየዓመቱ እመጣለሁ፣ አበልጅ" ብዬው ወጣሁ። እመጣለሁም። ፓንዴሊስ ሱቁን ሊሸጠው ደጋግሞ ሞከረ፤ የከተማው ሰው ወለሉን ስለሚያውቀው የሚገዛ አልተገኘም። አሁን አርጅቷል፤ የሙታን ቅዳሜ ስትደርስ ከጠዋት ጀምሮ በሩን ከፍቶ ማንኪያውን ይዞ ይጠብቀኛል። ይበላል። አናወራም።

ከሱ ሱቅ በኋላ ግን ጉዞዬ አያበቃም። አፈሩ የፈሰሰው ከዳር እስከ ዳር ነው፤ ልጄ ከነአባቷ ከየትኛው ቅስት ሥር እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ማሰሮዬን ይዤ፣ ሰዎች እየተንሸራሸሩ፣ ከመጀመሪያው ዓምድ እስከ መጨረሻው ድረስ በእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ትንሽ ወይን አፈሳለሁ፤ ወለሉንም በጫማዬ ጫፍ ነካ አደርገዋለሁ።